ቡናዬና ደሜ የተጣሉበት ክረምት

እኛ ቆላ ሰው «ደከመኝ» ካለ የሚሰጠው መልስ ሁለት ነው፤ ወይ «ወባ ናት» ይባላል፣ ወይ «ቡና አብዝተህ ነው» ይባላል። እኔም ለሌላው ሰው ስንት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስመልስ ኖሬ በመጨረሻ በራሴ ደረሰ። ሞላ እባላለሁ። መተማ ውስጥ ኮኪት አጠገብ ሰሊጥና ማሽላ አራሽ ነኝ፤ ከበለሳ ከወረድኩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ክረምት ታምሜ ድኛለሁ። አሁን «ቡና በየቀኑ መጠጣት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?» ብሎ የሚከራከር ሰው ካጋጠመኝ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም፤ ሥራ ፈትቼም ቢሆን አወራለታለሁ። እናንተም ተቀመጡና ስሙኝ። ቡና ይዛችሁ ከሆነ ጠጡ፣ አልከለክልም። ምሳ እየበላችሁ ከሆነ ግን ሲኒውን ለጊዜው ራቅ አድርጉት።

የኔ አጠጣጥ እንዲህ ነበር። ጠዋት ከቁርስ ጋር ሦስት ሲኒ፣ ረፋድ ላይ ትራክተሩ ጥላ ሥር ሁለት፣ ከምሳ ጋር ሦስት፣ ማታ ደግሞ እንደ እንግዳው ብዛት። ዝንጅብል በደንብ የገባበት፣ ከወሰን ማዶ ከሱዳኖቹ የተማርነው፣ ጉሮሮ የሚያቃጥል ቡና ነው። ደገኛው በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ አረፍ ብሎ ይጠጣል። እርሻ ላይ ግን ማን አረፍ ይላል? የማሽላው እንጀራ ከጉሮሮ ሳይወርድ ቡናው ይከተለዋል። ባለቤቴ የሻረግ ምሳ ስትቋጥር ፔርሙዙን አብራ ትይዛለች፤ አረም ላይ አብረን ስንውል እኔ አንድ እሷ አንድ እያልን ነው የምንጨርሰው። በዚህ ነገር ተጣልተን አናውቅም፤ በሌላው ሁሉ ተጣልተናል።

ነገሩ የጀመረው መጋቢት ላይ ነው። ግማሽ ኩንታል ማሽላ ተሸክሜ ከጎተራው እስከ ጋሪው ድረስ፣ ሃያ እርምጃ እንኳ አይሞላም፣ ልቤ ደረቴን ሰብሮ ሊወጣ ደረሰ። ጆሮዬ ጭው አለ። «እርጅና ነው እንዴ?» አልኩ፤ ገና ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብዬ ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል፣ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ የሻረግ ስትጠራኝ መልስ መስጠቱ እንኳ ይደክመኛል። «እሱማ ድሮም ነበር» ትላለች እሷ። ከሁሉ የገረመኝ ግን በረዶ ነው። ለስላሳ የሚሸጡበት ቤት እየሄድኩ በረዶ ለምኜ እንደ ቆሎ እቆረጥማለሁ፤ ጥርሴ እስኪደነዝዝ። ማንም ምንም አላለኝም። በዚህ ሙቀት በረዶ የማይወድ ማን አለ?

ጎረቤቴ አያ ታከለ ገና ሲያዩኝ «ወባ ናት» ብለው ፈረዱ። አያ ታከለ እባብ የነደፈውን ሰው እንኳ መጀመሪያ በወባ የሚጠረጥሩ ሰው ናቸው። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ የወባ መድኃኒት ሰጡኝ፤ ጨረስኩ፤ ያው ነኝ። ሌላው ዘንድ ሄድኩ፤ «ታይፎይድ» ተባለ፤ ዐሥር ቀን ኪኒን ዋጥኩ፤ ያው ነኝ። ሦስተኛው «ጨጓራ ነው፣ ቃሪያ ተው» አለኝ። ቃሪያ ተውኩ። ድካሙ ባሰ፣ ወጡም ጣዕም አጣ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ሰዎቹ ላይ ግን አልፈርድም፤ እኔ ራሴ ገና በሩን ስገባ «ወባዬ ተነሥቶብኛል» እያልኩ ነበር የምጀምረው። በሽታውን እኔ ከሰየምኩት እነሱ ምን ያድርጉ?

የየሻረግ ታናሽ ወንድም ደሴ ጎንደር ከተማ ሱቅ አለው። መታመሜን ሰምቶ ግንቦት ላይ ወረደ። ገና ሳይቀመጥ ስልኩን አወጣና «ጋሼ፣ የጨረሰህ ቡና ነው። ይኸው፣ ልብ ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ደም ያደርቃል ይላል» አለኝ። በማግስቱ ያው ስልክ «በየቀኑ ቡና የሚጠጣ ሰው ዕድሜው ይረዝማል» የሚል አመጣ።

«ይኼንንስ ምን ትለዋለህ?» አልኩት።

«ይሄ የፈረንጅ ወሬ ነው።»

«የትናንቱስ የማን ነበር?»

«የትናንቱም የፈረንጅ ነው፤ ግን እውነት ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ለማንኛውም ተውኩ። ሦስት ቀን። አቤት እነዚያ ሦስት ቀናት! ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። ከልጆቼ ጋር ተጣላሁ፣ ከትራክተሩ ጋር ተጣላሁ፣ አያ ታከለን «ወባ ወባ አይበሉኝ!» ብዬ ጮህኩባቸውና ጠዋት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም «ምንም አይደል፣ ወባዋ ናት የምታናግርህ» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን የሻረግ ሲኒ ይዛ ፊቴ ቆመች። «ጠጣልኝ በናትህ! ብትሞትም እየሳቅህ ሙት» አለችኝ። ጠጣሁ። ራስ ምታቱ ወዲያው ለቀቀኝ፤ ድካሙ ግን እዚያው ነው። «እንግዲያ ቡናው አይደለም» ብለን ደመደምን። ግማሹን ልክ ነበርን።

ደሴ ሲመለስ ግን ቁም ነገር ተናግሮ ሄደ። «ቆላው በልቶሃል ጋሼ። መሬቱን አከራዩና ጎንደር ውጡ። ከኔ ጋር ሱቅ ትውላለህ» አለኝ። እኔ ሱቅ ውስጥ! ሳሙናና ክብሪት ሳቀብል! «አልወጣም» አልኩ። የሻረግ ግን ፈርታ ነበር። ሰሊጥ በደረሰ ጊዜ ካላጨዱት የፍሬው መያዣ አፉን ከፍቶ አፈር ላይ ያፈሰዋል፤ የዓመት ልፋት በአንድ ሳምንት ይረግፋል። አጫጆቹ ከደጋ ሲወርዱ ባለቤቱ ከማለዳ እስከ ማታ ከኋላቸው ካልቆመ እርሻው የማንም አይደለም። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ከበር እስከ አጥሩ መሄድ አቅቶኛል።

«ስማኝ ሞላ» አለችኝ። «ጥቅምት ላይ ከአጫጆቹ ኋላ መቆም ካቃተህ መሬቱን አከራይተን እንወጣለን። እኔ አንተን እዚህ ቀብሬ ሰሊጥ አልሰበስብም።» አለቀሰች። እሺ አልኳት፤ ምን እላለሁ? ክረምቱን ሙሉ በልቤ የነበረው ጥያቄ ይኼው ብቻ ነው፤ ጥቅምት ላይ እቆማለሁ ወይስ አልቆምም።

ሰኔ መግቢያ ላይ ገንዳ ውሃ ከተማ ሐኪም ቤት ሄደን ተመረመርኩ። አግዳሚው ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። አጠገቤ የነበረ አንድ የእርሻ ሠራተኛ ፊቴንና መዳፌን ሲያይ ቆየና «ወንድሜ እንዲህ ገርጥቶ ነበር፤ ካላዛር ሆኖ ተገኘ» አለኝ። ካላዛር ማለት እዚህ ቆላ አንዲት ትንሽ ዝንብ የምታመጣው፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ፣ ሰውን የሚያከሳ ክፉ በሽታ ነው። ልቤ ወረደ። የሻረግ እጄን ጨብጣ «ዳነ?» ብላ ጠየቀችው። «ድኖማ ሁለት ልጅ ወልዷል!» አለ። እግዜር ይስጠው፤ ያን ቀን የዋልኩት በዚያ ቃል ነው።

ካላዛር የለም ተባለ። ወባም የለም። ያለው የደም ማነስ ነው። «ደምዎ ሰባት ተኩል ነው፤ የወንድ ከዐሥራ ሦስት በላይ መሆን አለበት» አለኝ ወጣቱ ሐኪም። «ሌላውስ የት ሄደ?» ስለው ሳቀ። ደም ለመሥራት ሰውነት ብረት ያስፈልገዋል ብሎ ብረት ያለበት ኪኒን አዘዘልኝ። ስንወጣ ደግሞ ከበሩ መልሶ ጠራኝና «ያልፈላ ውሃ እንዳይጠጡ! የፈላ ብቻ!» አለኝ። ለተቅማጡና ለታይፎይዱ ብሎ ነው፤ ደግ አሰበ።

እኔ የታዘዝኩትን የምፈጽም ሰው ነኝ። ግን አስቡት። ሰኔ ነው፣ የእርሻ ጊዜ ነው፣ ያለው ውሃ በበርሜል የመጣ ነው። አፍልቶ እስኪበርድ መጠበቅ? መተማ ላይ የፈላ ውሃ መቼ በርዶ ያውቃል! ደግሞ እኛ ቤት ሁልጊዜ የፈላ ነገር አለ፤ አንድ ፔርሙዝ ሙሉ ቡና። ከሱ በላይ የፈላ ምን አለ? እናም ኪኒኔን በቡና መዋጥ ጀመርኩ። ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣ አንድ ቀን ሳላጓድል። ኪኒኑ ሲያቅለሸልሸኝ ዝንጅብሉ ያስታግስልኛል። ኩራቴን አትጠይቁኝ። «ሐኪም እንዳዘዘው ነው የምኖረው» እያልኩ ለአያ ታከለ አወራላቸው ነበር።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ተመልሰን ሄድን። ሰባት። ከፍ ማለቱ ቀርቶ ወርዷል። ሐኪሙ ግራ ገባው።

«ኪኒኑን በትክክል ይውጣሉ?»

«ምስክሬ ይቺውና» አልኩ። የሻረግም «አንዲትም አላስቀረ» ብላ ማለች። እውነቷን ነው። በምን እንደምውጠው ግን ማንም አልጠየቀ፣ እኔም አልተናገርኩ። ውስጥ የሚደማ ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ ወደ ጎንደር ሪፈር ጻፈልኝ። ያቺ «ውስጥ የሚደማ» የምትለዋ ቃል ሌሊቱን አላስተኛችኝም። የሻረግም አልተኛችም። ሁለታችንም የተኛን እያስመሰልን አነጋን።

ጎንደር ደሴ ቤት አደርንና በማለዳ ትልቁ ሐኪም ቤት ኮሪደር ላይ ወረፋ ያዝን። ወረፋ ማለት እዚያ ነው እናንተ! ከደምቢያ፣ ከአርማጭሆ፣ ከየቦታው የመጣው ሰው ግድግዳውን ተደግፎ፣ አንዱ ስለ ኩላሊቱ ሲያወራ ሌላው ስለ ላሙ ያወራል። ለሰው ቦታ እየያዙ ዳቦ የሚካፈሉ፣ የማያውቁትን በሽተኛ ደግፈው ሽንት ቤት የሚያደርሱ ሰዎች አየሁ። ጠዋት በጥድፊያ ኪኒኔን ስላልዋጥኩ የሻረግ ከዘንቢሏ ፔርሙዙን አወጣችና ቀዳችልኝ። ኪኒኗን አፌ ውስጥ ጣል አድርጌ ገና ሲኒውን ሳነሳ «ቆይ! ቆይ! ምን እያደረጉ ነው?» የሚል ድምፅ መጣ። ጠና ያሉ ነርስ ናቸው፤ መነጽራቸው ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«ኪኒኔን ልውጥ ነው ሲስተር።»

«የምን ኪኒን ነው?»

«የደም።»

«በቡና?»

«በቡና። ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። የፈላ ብቻ ጠጣ ተብዬ።»

መጀመሪያ አፋቸውን ያዙ። ቀጥለው ግድግዳውን ተደገፉ። በመጨረሻ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ወረፋተኛው ሁሉ ዞሮ ያየናል።

«ሲስተር፣ እኔ እየሞትኩ እርስዎ ይስቃሉ?» አልኳቸው።

«አይሞቱም! አይሞቱም የኔ ጌታ» አሉኝ እንባቸውን እየጠረጉ። «ብረቱ ወደ ደምዎ ሳይገባ ቡናው ሆድ ውስጥ ይዞ ያስወጣዋል እኮ። ከምግብ የሚያገኙትንም እንዲሁ።» ቀጥለው ጠጋ አሉና «በረዶ ይቆረጥማሉ?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ማን ነገራቸው? «ጠንቋይ ነዎት እንዴ?» ልል ምንም አልቀረኝ። ብረት ያነሰው ሰው እንዲህ ነው አሉኝ፤ አንዱን በረዶ ያምረዋል፣ ሌላውን አፈር። የታችኛውን የዓይኔን ቆብ ሳብ አድርገው አዩ፤ እግሬንም አዩ።

«ክረምት ላይ ጭቃው ውስጥ በባዶ እግር ነው የሚያርሙት?»

«የኛ ጭቃ ጫማ አያስኬድም ሲስተር፤ ይጎትተዋል።»

ሐኪሙ ዘንድ ራሳቸው አስገቡኝ። ሰገራዬ ተመርምሮ የመንጠቆ ትል ተገኘ። ይህ ትል ከጭቃው በእግር ቆዳ በኩል ይገባና አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። «ውስጥ የሚደማው» እሱ ነበር። ትሉ ደሜን ይወስዳል፣ ቡናው ደግሞ ምትኩ እንዳይገባ ይከለክላል። ሁለቱ ተባብረው እኔን ሱቅ ሊያስገቡኝ ነበር! የትሉን መድኃኒት ነርሷ ፊታቸው አቁመው አስዋጡኝ፤ በውሃ።

የሻረግ «እንግዲያ ቡናውን ይተው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እነዚያ ሦስት ቀናት ትዝ ብለዋት ነው።

«ቡናው ምን አጠፋ? እኔም እጠጣለሁ» አሏት። «ሰዓቱን ይለይ። ኪኒኑን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ፈልቶ በበረደ ውሃ ይዋጥ፤ ሎሚ ቢጨምርበት ጥሩ ነው። ቡናውን ከኪኒኑም ከምግቡም ሁለት ሰዓት ያህል ያርቀው። ደግሞ በቀን ሦስት ሲኒ ይበቃዋል።»

ሦስት! ልከራከር አፌን ስከፍት የሻረግ እግሬን ረገጠችኝ።

በልቶ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ምን ያህል እንደሚረዝም የሞከረው ያውቀዋል። ምሳ በልተን እንጨርስና እኔ ዓይኔን ስልኬ ሰዓት ላይ እተክላለሁ። አያ ታከለ በየመሃሉ «ደረሰ?» ይሉኛል። «አልደረሰም» እላለሁ። «ይኼማ ከፍልሰታ ጾም ይብሳል» ይላሉ። እሳቸውም ግን ለወዳጅነት ብለው አብረውኝ ይጠብቃሉ። የሻረግ «እኔን ማን ከለከለኝ?» ብላ ከእንጀራዋ ጋር ፉት ትላለች፤ ሽታውን ሆን ብላ ወደኔ ታመጣዋለች። «ቀናተኛ!» ትለኛለች፤ እንስቃለን።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል አንድ ጠዋት ጀሪካን ውሃ ተሸክሜ ቤት ስገባ ልቤ ዝም ብሏል። ቆሜ አዳመጥኩት። «ምነው?» አለች የሻረግ። «ምንም የለም» አልኩ፤ ደስታዬን መናገር አቅቶኝ ነው። በረዶውም አስጠላኝ። መስከረም መጨረሻ ገንዳ ውሃ ተመረመርኩ፤ ዐሥራ አንድ ተኩል! ወጣቱ ሐኪም የቡናውን ነገር ስነግረው ራሱን ያዘ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ የደም ኪኒን ሲሰጥ «በምን ነው የሚውጡት?» ይላል አሉ። እሰይ!

ጥቅምት ገባ። ደሴ በቀጠሮው ወረደ፤ ከቆምኩ ሊያየኝ፣ ካልቆምኩ ዕቃችንን ሊጭን። ዐሥራ አራት አጫጆች ይዤ በማለዳ እርሻው ገባሁ። እነሱ ያጭዳሉ፣ እኔ ከኋላ እያየሁ፣ ነዶውን እያሰርኩ፣ እየደገፍኩ አቆማለሁ። ቀትር ላይ ደሴ «ጋሼ፣ አረፍ እንበል፤ እኔ ደከመኝ» አለኝ። እሱ እኮ ጥላ ሥር ነው የዋለው! የእርሻው ማዶ ዳር ደርሼ ዞሬ ሳይ የታጨደው ሰሊጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆሟል። እንባዬ መጣ። አላፍርም። «የሻረግ! አየሽኝ?» ብዬ ጮህኩ።

ምሳ ይዛ እየመጣች ነበር። እርሻው መሃል ላይ መሶቡን አስቀምጣ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጋ ቁጭ ብላለች። ያን አቀማመጥ ከማንም በላይ እኔ አውቀዋለሁ። ሮጥኩ። «ምንም አይደል፣ ፀሐዩ ነው» አለችኝ። መዳፏን ገልብጬ አየሁት፤ ነጭ። ከዓይኗ ሥር አየሁ፤ ነጭ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እኔ እንጃ። አንተ ከታመምክ ጀምሮ ይመስለኛል።»

በማግስቱ ገንዳ ውሃ ወሰድኳት። ስድስት ተኩል። የኔ እንኳ እንዲያ አልወረደም። ሐኪሙ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አየና «እትዬ፣ በዚህ ደም እሳቸውን ይዘው ጎንደር ድረስ ተመላለሱ? እንዴት ቆሙ?» አላት።

«እሱ ተኝቶ ማን ይቁም?» አለችው፤ እንደ ቀላል ነገር።

በዕድሜዬ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ያንኑ ጭቃ ረግጣለች፣ ያንኑ ቡና በዚያው ሰዓት ጠጥታለች። ሰባት ወር ሙሉ እኔ ሳቃስት እየደገፈችኝ አንድ ቀን «አንቺስ?» አላልኳትም። ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው። ቡናችሁን ጠጡ፤ ከእንጀራውና ከኪኒኑ ግን አርቁት። ሐኪም ፊት ስትቀርቡ የበሽታውን ስም እናንተ አታውጡ፤ የሚሰማችሁን ተናገሩ፣ መድኃኒቱን በምን እንደምትውጡም ሳትጠየቁ ንገሩ። ከሁሉ በፊት ደግሞ ወረፋው ላይ አጠገባችሁ ተቀምጣ የምታስታምማችሁን ሰው አስመርምሩ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ እምቢ ያልኩትን በገዛ አፌ ተናገርኩ። «የሻረግ፣ ካሻሽ መሬቱን እናከራይና ጎንደር እንውጣ። ሱቅም ቢሆን እውላለሁ።»

ትክ ብላ አየችኝ። «አሁን ቆመህ? ሰሊጡ እንዲህ አምሮ? ኧረ ተው!» አለች። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችና «አንተ አሳጭድ፤ እኔ ልተኛ» አለችኝ።

ሰሊጡ ሳይረግፍ ገባ። የሻረግም የትሉን መድኃኒት ወስዳ፣ ጠዋት ጠዋት ኪኒኗን በሎሚ ውሃ እየዋጠች ተኛች፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በሥራ ቀን። ከተጋባን ሃያ ሁለት ዓመት ቀን ተኝታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ከእርሻ ስመለስ ልጆቹ ደጅ ላይ ሲንጫጩ ካገኘኋቸው ጣቴን አፌ ላይ አደርጋለሁ። «ዝም በሉ» እላቸዋለሁ፣ «እናታችሁ ተኝታለች።»